ዐይን ሲጓዝ ጆሮ ሲቀር፦ የእንቅስቃሴ ሕመምና የምት ጨዋታዎች ታሪክ

በራስ ላይ ተጠልቆ ዐይንን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን መነጽር ውስጥ የሚታየው፣ በኮምፒዩተር የተፈጠረ ዓለም በአማርኛ «ምናባዊ እውነታ» እየተባለ ይጠራል። መሣሪያው በብዛት ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች ለሥልጠናና ለትምህርት ይዋል የሚለው ሐሳብ እየበረታ መጥቷል። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያጠልቁት ሰዎች ብዙዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች እንደቆዩ ፊታቸው ይገረጣል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያልባቸዋል፤ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ያቅለሸልሻቸዋል። በአንጻሩ ይህንኑ መነጽር አጥልቀው፣ ከሙዚቃ ምት ጋር እጃቸውን እያወናጨፉ የሚጫወቱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ሲደሰቱ ይታያሉ። ከእነዚህም መካከል በሌላ ዓይነት ምናባዊ ጨዋታ አሥር ደቂቃ እንኳ መቆየት የማይችሉ ይገኙበታል። የልዩነቱ ምክንያት በመሣሪያው ዋጋ ወይም በተጫዋቹ ብርታት የሚተረጐም አይደለም። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የእንቅስቃሴ ሕመም ከመርከብ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ግሪኮች ማቅለሽለሽን የሰየሙበት ቃል መርከብ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ዝነኛው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዥ ኔልሰን ዕድሜውን በባሕር ላይ ቢያሳልፍም ሕመሙ አልለቀቀውም። ቻርልስ ዳርዊንም ከ1831 እስከ 1836 ባደረገው የባሕር ጉዞ ክፉኛ ተሠቃይቶበታል። በኢትዮጵያም የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ የሚወርዱ መንገደኞች ሎሚ ይዘው እያሸተቱ መጓዛቸው ለዚሁ ሕመም መከላከያ ይሆናል ተብሎ ነው።

ሕመሙ የሆድ ነገር ይመስል የነበረውን ያህል፣ መነሻው ጆሮ መሆኑን ለማወቅ ረጅም ጊዜ ወስዷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ጄምስ በ1882 ባሳተመው ጥናት 519 መስማት የተሳናቸው ሰዎች ስለ ራስ ማዞር ተጠይቀው፣ 186ቱ በፍጥነት ቢሽከረከሩም ጨርሶ እንደማያዞራቸው ታወቀ። ለማነጻጸሪያ ከተጠየቁት 200 ያህል የሃርቫርድ ኮሌጅ ተማሪዎችና መምህራን መካከል ግን እንዲህ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነበር። በውስጥ ጆሮ ከመስሚያው አካል ጐን ለጐን ፈሳሽ ያለባቸው ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ እየቀረ የመዞሩን ነገር ለአንጎል ያስታውቃል። በአጠገባቸው የሚገኙ ሌሎች ሁለት ከረጢቶች ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚደረገውን እንቅስቃሴ ይለያሉ። የእነዚህ አካላት አሠራር በተለይ በሮበርት ባራኒ ምርምር ግልጽ እየሆነ ስለ መጣ፣ ተመራማሪው የ1914ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ፣ የውስጥ ጆሮ የሚገነዘበው የፍጥነትን ለውጥ እንጂ ሳይለዋወጥ የሚቀጥለውን ፍጥነት አለመሆኑ ነው። በቀጥታ መንገድ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ መኪና ለጆሮ እንደ ቆመ ይቈጠራል፤ የሚያውከው ኩርባውና ፍሬኑ ነው።

አሁን ምናባዊ እውነታ የሚባለው ነገር በመሠረቱ የተሞከረው ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ በፊት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1894 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በተካሄደ ትርኢት «መንፈስ ያደረበት ዥዋዥዌ» የሚባል መዝናኛ ነበር። ተመልካቾች በአንድ ክፍል ውስጥ በተንጠለጠለ ትልቅ ዥዋዥዌ ላይ ይቀመጡና ዥዋዥዌው ቀስ በቀስ እየበረታ ሄዶ በመጨረሻ ጣራውን የዞረ ይመስላቸው ነበር። በእውነቱ ግን ዥዋዥዌው ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም፤ የሚወዛወዘውና የሚገለበጠው የቤት ዕቃው ሁሉ የተቸነከረበት ክፍሉ ራሱ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ዉድ በ1895 ባሳተመው መግለጫ፣ በማዞርና በማቅለሽለሽ ምክንያት ከሕንጻው ለመውጣት እንኳ የተቸገሩ ሰዎች እንደነበሩ አመልክቷል። ዐይን «ተገለበጥክ» ሲል ጆሮ «አልተነቃነቅክም» ይላል፤ ሆድ የሚታወከው በሁለቱ ክርክር መካከል ነው። ይህ ዥዋዥዌ በአሠልጣኝ ኮሌጆች የሳይንስ ትምህርት ውስጥ ቦታ ቢያገኝ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ሁለተኛው ትልቅ ማስረጃ የተገኘው ከአብራሪዎች ማሠልጠኛ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል በተሠራ የሄሊኮፕተር ማስመሰያ መሣሪያ ላይ ሠልጣኙ ከምድር ሳይነሣ፣ መሬት ሲሸሽና ሲቀርብ በሰፊ ስክሪን ላይ ይመለከት ነበር። በ1957 በቀረበው ዘገባ መሠረት መልስ ከሰጡት 36 ሰዎች 28ቱ በመጠኑም ቢሆን መታመማቸውን ገለጹ። ከቊጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የተደረሰበት ነገር ነው፤ አብዝተው የታመሙት ጀማሪዎቹ ሠልጣኞች ሳይሆኑ፣ ብዙ ሰዓት ያበረሩት አስተማሪዎቻቸው ነበሩ። እውነተኛው ሄሊኮፕተር በሰውነት ላይ የሚያሳድረውን ስሜት ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር፣ የጠበቁት ስሜት ሳይመጣ ሲቀር ሰውነታቸው አልቀበልም አለ። ሕመሙ መሣሪያው ከአገልግሎት ለመውጣቱ ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ስለዚህ «ልምድ ያለው አይታመምም» የሚለው አስተሳሰብ ሁልጊዜ የሚሠራ አለመሆኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው።

በዚያው ዘመን መገባደጃ፣ በዋሽንግተን ከሚገኘውና መስማት የተሳናቸው ከሚማሩበት ከጋሎዴት ኮሌጅ የተመረጡ 11 ወንዶች ከባሕር ኃይሉና ከአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ተመራማሪዎች ጋር መሥራት ጀመሩ። ከ11ዱ 10ሩ ገና በልጅነታቸው ማጅራት ገትር ይዟቸው የመስማትንም የሚዛንንም ስሜት ያጡ ነበሩ። አራቱ በደቂቃ 10 ጊዜ በሚሽከረከር ክፍል ውስጥ 12 ቀናት በተከታታይ ቈይተዋል። በሌላ ጊዜ በካናዳ የኖቫ ስኮሺያ ጠረፍ አጠገብ፣ ማዕበል በሚያናውጣት ጀልባ ላይ ሙከራ ሲደረግ፣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በሕመም ስለ ወደቁ ሥራው ተቋረጠ፤ የሚጠኑት ሰዎች ግን ካርታ ይጫወቱ ነበር። ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር ያለ ጥርጥር ተረጋገጠ። በእንቅስቃሴ የሚታመመው ሰው አካሉ ደካማ የሆነ ሳይሆን የሚዛን አካሉ ደኅና ሆኖ የሚሠራለት ሰው ነው። ይህ መታወቁ ተማሪን «ፈሪ ነህ፣ በርታ» ብሎ ለሚገፋ አስተማሪ ጠቃሚ ነው።

በ1975 ሪዝንና ብራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህን ግኝቶች አቀናጅተው አንድ አስተያየት አቀረቡ። በእነርሱ አባባል ሕመሙ የሚነሣው ዐይንና ጆሮ ስለ ተጣሉ ብቻ አይደለም፤ አሁን የሚደርሰው ስሜት አንጎል ካለፈው ልምዱ ተነሥቶ ከሚጠብቀው ጋር አልጣጣም ሲል ነው። የሄሊኮፕተር አስተማሪዎቹ ነገር በዚህ በሚገባ ይተረጐማል። ሆድ ለምን ጣልቃ እንደሚገባ ግን አስተያየቱ አይናገርም። በ1977 ሚሼል ትሬይስማን፣ አንጎል የስሜቶችን መዛባት እንደ መመረዝ ምልክት ስለሚቈጥረው መርዙን ለማስወጣት ያስታውካል የሚል ግምት አቅርቧል፤ ማራኪ ቢሆንም በሙከራ ለማረጋገጥ የሚያስቸግር ሐሳብ ነው። በ1991 ደግሞ ሪቺዮና ስቶፍረገን ምክንያቱ የአቋም መናጋት ነው በማለት ሌላ መንገድ ከፈቱ። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። ሆኖም ለሥራ የሚረዳው የመጠበቅ አስተያየት ነው፤ የምት ጨዋታዎችንም ምስጢር የሚገልጸው እርሱ ነው።

ወደዚያ ከመታለፉ በፊት በክፍል ውስጥ ያለ ምንም ወጪ ሊደረግ የሚችል አንድ ሙከራ እዚህ ላይ መጥቀስ ይጠቅማል። አንድ ተማሪ መጽሐፍ በፊቱ ዘርግቶ እያነበበ ራሱን በፍጥነት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዝ፤ ፊደሎቹ ጸንተው ይነበቡለታል። ቀጥሎ ራሱን አጽንቶ ይያዝና ሌላ ተማሪ መጽሐፉን በዚያው ፍጥነት ያወዛውዝለት፤ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ። በመጀመሪያው ጊዜ የውስጥ ጆሮ የራስን መዞር እንደተረዳ፣ ከአንድ መቶኛ ሰከንድ ብዙ በማይበልጥ ጊዜ ዐይንን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ያዞረዋል። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው ምስልም የራስን መዞር እንዲሁ በፍጥነት መከተል አለበት። ቢዘገይ ዓለሙ ከራስ ጋር አብሮ የሚንሳፈፍ መስሎ ይታያልና ሕመሙ ወዲያውኑ ይጀምራል።

የመጀመሪያው የራስ መነጽር በአይቫን ሰዘርላንድ እጅ በ1968 ሲሠራ ከጣራ ጋር የተያያዘ ከባድ ዕቃ ነበር። በ1995 ኒንቴንዶ «ቨርቹዋል ቦይ» የተባለውን በጠረጴዛ ላይ የሚቆም መሣሪያ አወጣ። ምስሉ ቀይና ጥቁር ብቻ ሲሆን፣ ተጫዋቹ እንዲያርፍ ጨዋታውን በየጊዜው የሚያቋርጥ ማሳሰቢያም ነበረው። ገበያ ስላላገኘ በዓመቱ ቀረ። በ2012 ለኦኩለስ ሪፍት ከሕዝብ ገንዘብ የማሰባሰብ ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ነገሩ እንደገና ነፍስ ዘራ። በ2016 የጸደይ ወራት ለሽያጭ የቀረቡት ኦኩለስ ሪፍትና ኤችቲሲ ቫይቭ በሰከንድ 90 ምስል ማሳየት የሚችሉ በመሆናቸው የመዘግየቱ ችግር በአብዛኛው ተቃለለ። የቀረው ትልቁ ችግር የጨዋታው አሠራር ነበር። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ በአውራ ጣቱ ትንሽ ዘንግ ሲገፋ ምናባዊው ዓለም ሮጦ የሚመጣበት ከሆነ፣ ይህ በ1894 ከታየው ዥዋዥዌ በምንም አይለይም። በ2016 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጉዞው ጊዜ የእይታውን ጠርዝ ማጥበብ ሕመሙን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ሌሎች ሠሪዎችም ተጫዋቹ ከቦታ ወደ ቦታ በቅጽበት እንዲዘል አደረጉ። እነዚህ ግን ቁስሉን የሚሸፍኑ ፋሻዎች ነበሩ።

የምት ጨዋታዎች ታሪክ የተጀመረው ግን ከመነጽሩ ተለይቶ በጃፓን ነው። በ1996 «ፓራፓ ዘ ራፐር»፣ በ1998 «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» ወጡ። ሁለተኛው ተጫዋቹ በወለል ላይ የተሣሉ ቀስቶችን ከዜማው ምት ጋር በእግሩ እንዲረግጥ ያደርጋል። በ2006 የአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ይህንን ጨዋታ በ765ቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ለሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለማዳረስ እቅድ መያዙን አስታወቀ፤ ዓላማው የልጆችን ከመጠን በላይ መወፈር ለመቀነስ ነበር። ለትምህርት እቅድ አውጪዎች ከዚህ ውስጥ የሚጠቅመው ክፍል እቅዱ መታወጁ ሳይሆን ጨዋታው የተመረጠበት ምክንያት ነው። በኳስ ሜዳ ወደ ኋላ የሚሉ ልጆች ጭምር በእርሱ ይሳተፉ ነበር። በስክሪኑ ላይ ቀስቶቹ ቢንቀሳቀሱም ክፍሉ በዐይን ፊት እንደቆመ ስለሚቀር የሕመም ነገርም አልተነሣም።

ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት በ2016 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው «ኦዲዮሺልድ» ተጫዋቹ በሁለት እጁ ጋሻ ይዞ፣ በዜማው ምት ልክ ወደ እርሱ የሚመጡትን ኳሶች እንዲመታ የሚያደርግ ነበር። ግንቦት 1 ቀን 2018 ደግሞ ዋና መሥሪያው ፕራግ ከሆነ አንድ አነስተኛ ቡድን «ቢት ሴይበር» ወጣ። ሠሪዎቹ ያን ኢላቭስኪና ቭላዲሚር ህሪንቻር ሲሆኑ የመጀመሪያዎቹን ዜማዎች ያሮስላቭ ቤክ አዘጋጅቷቸዋል። ተጫዋቹ በአንድ እጁ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ የብርሃን ሰይፍ ይይዛል። በእነዚሁ ቀለማት የተሠሩ ኩቦች በምቱ ልክ ወደ እርሱ ሲመጡ በላያቸው ያለው ቀስት በሚያመለክተው አቅጣጫ ይቈርጣቸዋል። አንድ ኩብ ቢበዛ 115 ነጥብ ያስገኛል፤ አብዛኛው ነጥብ የሚሰጠው ለሰይፉ አወራረድ ስፋት ሲሆን 15ቱ ኩቡ መካከሉ ላይ በመቈረጡ ይገኛል። በሌላ አነጋገር ጨዋታው የሚሸልመው ክንድ በሰፊው መወርወሩን ነው፤ እግር ግን በቆመበት ይቆያል።

የጨዋታው ደኅንነት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ዓለሙ በተጫዋቹ ዙሪያ አይሮጥም፤ የቆመበት መድረክ የማይነቃነቅ ነው፤ ራሱን ሲያዘነብል ምስሉ በዚያው መጠን ያዘነብላል። ስለዚህ ዐይንና ጆሮ አንድ ዓይነት ወሬ ያወራሉ። ከዚህ ሌላ ሹፌር እምብዛም የማይታመመው፣ ተሳፋሪው ግን የሚታመመው ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር የሚመጣውን ኩርባ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ይህ በ1991 በታተመ ሙከራ ታይቷል። የዜማ ምትም እንዲሁ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያስታውቅ መሪ ነው። ክንዱን የሚወረውር ሰው ምቱ ከመድረሱ በፊት ሰውነቱን አዘጋጅቷል፤ የጠበቀው ነገር በሰዓቱ ይደርስለታል። ከዜማው ጋር ግንኙነት ያለው ሌላም ጥናት አለ። በ2014 ከሻቫርዝና ሄክት ባሳተሙት ሙከራ፣ በብስክሌት የተደረገ ጉዞ በፊልም የታያቸው ሰዎች ደስ የሚላቸውን ሙዚቃ ሲያዳምጡ ሕመማቸው ቀንሶ ተገኝቷል። በምት ጨዋታ ውስጥ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያመዝን፣ ማለት ምቱ አስቀድሞ መታወቁ ወይስ ደስታው፣ ከእነዚህ ሙከራዎች መለየት አይቻልም።

ሆኖም የምት ጨዋታ ሁሉ አንድ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። በ2019 የወጣው «ፒስቶል ዊፕ» ተጫዋቹን ወደ ፊት እየገፋ ይወስደዋል። ግፊቱ ዝግ ያለና ፍጥነቱ እኩል በመሆኑ፣ ጆሮ ደግሞ እኩል ፍጥነትን ስለማይገነዘብ፣ ብዙዎች ይታገሡታል፤ በቀላሉ የሚታመሙ ሰዎች ግን መጀመሪያ ሊሞክሩት የሚገባ አይደለም። በቢት ሴይበርም ቢሆን አጎንብሶ ማለፍን የሚጠይቁ ግድግዳዎች፣ እንዲሁም በ2019 መጨረሻ የተጨመረው ኩቦቹ ከዙሪያው ሁሉ የሚመጡበት ዓይነት፣ ራስን ደጋግሞ ስለሚያስዞሩ ለጀማሪ ይከብዳሉ። ግድግዳዎቹን በምርጫ ማጥፋት ይቻላል፤ ብዙ ሰዎች ግን ይህንን አያውቁም።

ከሕመሙ ጋር እየታገሉ ደስታውን ለማግኘት የተለመደው መንገድ አጭር ነው። የመጀመሪያው ቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ዜማ አያልፍም፤ ማዛጋት፣ የምራቅ መብዛት፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚባሉት ምልክቶች እንደታዩ መነጽሩ ይወልቃል። ታግሦ መቀጠል የሚጐዳ እንጂ የሚያለማምድ አይደለም፤ ሰውነት የሚለምደው አጫጭር ሙከራዎች በተለያዩ ቀናት ሲደጋገሙ ነው። ፊት ለፊት የሚነፍስ አየር እንደሚረዳ በ2017 በታተመ ጥናት ስለ ታየ፣ ማራገቢያ ወይም የተከፈተ መስኮት ያለው ክፍል ይመረጣል። የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያወጣ ሰው፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ መነጽር አጥልቆ መቀመጥን ከወዲሁ መተው ይኖርበታል።

የሚቀረው ስለ ልጆችና ስለ መነጽሩ ልክ ነው። በመኪናና በመርከብ የሚደርሰው ሕመም ከ2 ዓመት በታች እምብዛም አይታይም፤ የሚበረታው ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ሜታ የተባለው ኩባንያ ለመሣሪያዎቹ ያወጣው የዕድሜ ወለል ለረጅም ጊዜ 13 ዓመት ነበር፤ በ2023 ግን በወላጅ ፈቃድና ቁጥጥር ወደ 10 ዝቅ አድርጎታል። በ2020 ስታኒና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ሴቶች ከወንዶች አብዝተው የሚታመሙበት ዋናው ምክንያት የመነጽሩ ሁለት ሌንሶች ርቀት ከዐይናቸው ብሌኖች ርቀት ጋር አለመግጠሙ እንደሆነ ተመልክቷል፤ መነጽሩ በልክ ሲገጥም ልዩነቱ ጠፍቷል። በ2020 የወጣው ኩዌስት 2 ለዚህ የተዘጋጁለት ሦስት ማቆሚያዎች ብቻ ሲሆኑ እነርሱም 58፣ 63 እና 68 ሚሊሜትር ናቸው። የልጆች የብሌን ርቀት ከአዋቂዎች የጠበበ ስለሆነ፣ ከ58 በታች ለሚሆኑት ተማሪዎች በዚህ መሣሪያ ላይ ማቆሚያ የላቸውም። ርቀቱ ግን አንድ ሰው ማስመሪያ ይዞ በግንባር አጠገብ በማስጠጋት በአንድ ደቂቃ የሚለካ በመሆኑ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪዎች መሣሪያው እንደማይገጥማቸው ከመገዛቱ በፊት መቍጠር ይቻላል።